የፍራሽ ቤቱን የበዓል ማስታወቂያ ለማደስ ፍራሽ ላይ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የዋለው ሐሙስ፣ ከምሳ መልስ

ቦታ፦ የሽያጭ አዳራሽ። የስብሰባ ክፍሉ ለበዓሉ በተሰፉ ፍራሾች እስከ ጣሪያው ስለሞላ ኮሚቴው ለደንበኛ እይታ በተዘረጉት ፍራሾች ላይ ተቀምጧል።

የተገኙ አባላት፦

1. ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣ ሰብሳቢ። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው።
2. የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ። የሰብሳቢው ታላቅ እህት ሲሆኑ፣ ሰብሳቢውን ጨምሮ ሁሉም «እትዬ» ይላቸዋል።
3. ሒሳብ ሹሟ።
4. የስፌት ክፍል ኃላፊ፣ በቅጽል ስማቸው «መርፌ»። ስሙ ከሥራዬ የመጣ ነው ይላሉ፤ ከምላሳቸው ነው የሚሉም አሉ።
5. የሽያጭ ሠራተኛ፣ «አፈ ቅቤ»።
6. የሰብሳቢው አማች፣ በአማካሪነት። ስለ ገበያ አሠራር አጭር ሥልጠና ወስደው ከተመለሱ ሳምንት አልሞላቸውም።
7. የማስታወቂያ ጽሑፍ ሠራተኛ፣ ጸሐፊ። «መጻፍ ሥራህ አይደል እንዴ» ተብሎ የተመደበ።

ያልተገኙ፦ ሹፌሩ። ፍራሽ ለማድረስ ወጥተዋል። ቃላቸው እንዳይነካ በስልክ አደራ ብለዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከስምንት አባላት ሰባቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። ሆኖም ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ መሰብሰብ ምን እንደሚያስከትል ሁሉም ስለሚያውቅ፣ እንቅልፍ የወሰደው አባል እንደ ተገኘ ይቆጠራል ወይስ እንደ ቀረ ሲሉ ሒሳብ ሹሟ ጠይቀዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ እስካላንኮራፋ ድረስ እንደ ተገኘ እንዲቆጠር ተወስኗል። የስፌት ክፍል ኃላፊው ውሳኔውን ደግፈው ጋደም ብለዋል።

አጀንዳ አንድ፦ ማስታወቂያችን በየበዓሉ ያው ስለ መሆኑ

ሰብሳቢው ስብሰባውን የከፈቱት ትናንት የደረሰባቸውን በመንገር ነው። ጢማቸውን ሊላጩ ሄደው ሳለ ፀጉር አስተካካዩ የድርጅቱን የበዓል ማስታወቂያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ አነበነበላቸው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎችም መጨረሻው ላይ ሲደርስ አብረው ተቀበሉት። ምላጩ አንገታቸው ላይ ስለ ነበር መልስ ለመስጠት እንዳልተመቻቸው አስረድተዋል። «ሰው እንደ ዘፈን ይዞናል። በየዓመቱ ያው፣ ያው፣ ያው። እኔ ሰልችቶኛል፤ ሰዉስ እንዴት አይሰለቸውም?» ብለዋል።

ቀጥለውም፣ ዛሬ ስብሰባው ከመበተኑ በፊት አዲስ ማስታወቂያ ካልተገኘ ሥራው አማቻቸው ላነጋገሩት የማስታወቂያ ድርጅት እንደሚሰጥና የማስታወቂያ ክፍላችን እንደሚዘጋ አስታውቀዋል። የማስታወቂያ ክፍላችን አንድ ሰው ነው። እሱም ይህን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው ነው።

ጸሐፊው የቤት ኪራይ ከፋይና የሁለት ተማሪ ልጆች አባት መሆኑ ይመዝገብልኝ ብሎ ጠይቋል። ሰብሳቢው «ራስህን አታስገባ፤ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ» ብለውታል። ጥያቄው አልተፈቀደም፤ አለመፈቀዱ ተመዝግቧል።

ከዚያም ማስታወቂያው ለጉባኤው ተነቧል። በፌስቡክ ገጻችንና በመግቢያው በር ላይ በየበዓሉ የሚወጣው ይህ ነው፦

«እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ። ልዩ፣ ጠንካራና አሳራፊ ፍራሾቻችንን በተመጣጣኝ ዋጋ ደጃችሁ ድረስ እናመጣለን።»

ይህን ቃለ ጉባኤ ከእኛ ሌላ የሚያነብ ሰው ቢኖር እንዳይደናገር፣ ጸሐፊው የሚከተለውን ማብራሪያ አክሏል። ድርጅቱ በአንድ የስፌት መኪና ሲጀመር ለመጀመሪያው በዓል ምን እንጻፍ በሚለው ላይ ጠብ ተነሣ። ለእርቅ ሲባል እያንዳንዱ የፈለገውን አንድ ቃል አስገባ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ክፍል በተከፈተ ቁጥር አዲስ ቃል ገባ። እስከ ዛሬም ማስታወቂያ የሚወጣው ሁሉም ክፍል ቃሉ በቦታው መኖሩን አይቶ ሲፈርም ብቻ ነው። «በሰላም» የሰብሳቢው ነው። «ልዩ» የሽያጭ፣ «ጠንካራ» የስፌት፣ «ተመጣጣኝ» የሒሳብ ክፍል ነው። «አሳራፊ» የእትዬ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ፍራሽ በእጃቸው ከሰፉት ከሟች ባለቤታቸው የወረሱት ነው። «ደጃችሁ ድረስ» የሹፌሩ ነው። አንድ ሰው ሁለት ቃል ለምን ያዘ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል፤ ዛሬም ተነሥቶ ሳይፈታ ታልፏል።

የጸሐፊው ድርሻ «ጠንካራ»ን ከ«አሳራፊ» ጋር የምታያይዘው «ና» እና ሁለቱ አራት ነጥቦች ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጥንቃቄ ሲያስቀምጣቸው ኖሯል።

አጀንዳ ሁለት፦ አዳዲስ ሐሳቦች

ሒሳብ ሹሟ አዲስ ነገር ለማምጣት አዲስ ወጪ እንደማያስፈልግ ገልጸው፣ ክፍሎቹ ለዘንድሮ ብቻ ቃላቸውን ይለዋወጡ ሲሉ ሐሳብ አቅርበዋል። ወዲያው ተሞክሯል። «ተመጣጣኝ» ለስፌት ክፍል ሲደርስ ኃላፊው ከተጋደሙበት ቀና ብለው፣ «ተመጣጣኝ ስፌት ማለት ክር ቆጥበናል ማለት ነው። እኔ በሕይወቴ ክር ቆጥቤ አላውቅም፤ ቃል በቃል ይመዝገብልኝ» ብለዋል። ሒሳብ ሹሟ ክር አለመቆጠቡን ከወጪው እንደሚያውቁት መልሰዋል። በምትኩ የደረሳቸው «ጠንካራ» ደግሞ ዋጋው ላይ ሲገባ «በጠንካራ ዋጋ» ሆኖ ስለተገኘ ልውውጡ ቆሟል። ሁሉም ቃሉን መልሶ ወስዶ ሐሳቡ በመርሕ ደረጃ እንዲጸድቅ ተወስኗል።

ሰብሳቢው ቃሉ ካልተነካ ቀለሙ ይቀየር፤ ቀዩ ጽሑፍ ሰማያዊ ይሁን ብለዋል። እትዬ ግምጃ ቤት ውስጥ ገና ያልተከፈተ ቀይ ቀለም በጣሳ በጣሳ ተደርድሮ እንዳለ አሳስበዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ ማስታወቂያው ሰማያዊ እንዲሆን፣ ቀዩ ቀለም እስኪያልቅ ድረስ ግን በቀይ እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

አፈ ቅቤ ማስታወቂያውን የሚያስረጅብን የሚወጣበት ጊዜ ነው ብለዋል። ሁሉም ነጋዴ በበዓሉ ዋዜማ እየጮኸ የእኛ ድምፅ ከየት ይሰማል ሲሉ ጠይቀው፣ የዘንድሮው እንኳን አደረሳችሁ ከበዓሉ በኋላ ገበያው ጭር ሲል ይውጣ ብለዋል። «ያኔ ብቻችንን ነን። አገር የኛ ነው» ሲሉም አክለዋል። እትዬ ካለፈ በኋላ እንኳን አደረሰህ የሚሉት የረሳ ሰው ብቻ ነው ብለዋል። አፈ ቅቤ መርሳትም አዲስ ነገር ነው፤ እስካሁን ረስተን አናውቅም ሲሉ ተከራክረዋል። በጣፈጠ አነጋገራቸው ምክንያት ሐሳቡ በሦስት ድምፅ ብልጫ ሊያልፍ ነበር፤ ሰብሳቢው ሽያጩም ከበዓሉ በኋላ ነው የሚሆነው ወይ ብለው በመጠየቃቸው አድሮ እንዲታይ ተብሏል።

በዚህ መካከል ሒሳብ ሹሟ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ርካሹን ሐሳብ አቅርበዋል። ይኸውም ዘንድሮ ጨርሶ ምንም አለማለት ነው። ዝም ብለን የማናውቅ ስለሆንን ዝምታችን አዲስ ይሆናል፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለዋል። ሐሳቡ ያልተጠበቀ ድጋፍ አግኝቷል። ሰብሳቢው «ምን ነካቸው ብሎ ሰው እንዲጠይቅ ነው» ብለው ወደውታል። የስፌት ክፍል ኃላፊውም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወደ ታች ሲያደርጉ ታይተዋል፤ ይህም እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል። ጸሐፊው ዝም የሚል ማስታወቂያ ጸሐፊ እንደማያስፈልገው ተረድቶ ተቃውሞውን ሊያሰማ እጁን አውጥቶ ነበር። እስክሪብቶ የያዘበት እጅ በመሆኑ ሊጽፍ ነው ተብሎ ታልፏል። ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል።

አጀንዳ ሦስት፦ የማስታወቂያ ክፍሉን ስለ መዝጋት

አማቹ ተነሥተው፣ ዝም ለማለት ስብሰባ አያስፈልግም ነበር፤ ዓለም የት ደርሷል ብለዋል። በሥልጠናው እንደተማሩት ከሆነ ዛሬ ፍራሽ የሚሸጥ የለም፤ የሚሸጠው ስሜት ነው። እትዬ ግምጃ ቤታቸው ውስጥ ስሜት የሚባል ዕቃ ገብቶ እንደማያውቅ አስታውቀዋል። አማቹ ስሜት የማይቆጠር ነገር መሆኑን ሲያስረዱ፣ እትዬ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው፣ ስብሰባው ከተጀመረ ወዲህ ከእጃቸው ወዳልለዩት የሹራብ ሥራ ተመልሰዋል።

ከዚያም የማስታወቂያ ድርጅቱ ለናሙና የላከው ጽሑፍ በአማቹ ተነቧል፦ «ሌሊቱ ያንተ ነው። ማንም አያይህም። ውሰደው።»

ሰብሳቢው ፍራሹ የቱ ጋ እንዳለ ጠይቀዋል። አማቹ ፍራሹ በውስጡ እንዳለ፣ አንባቢው ራሱ እንደሚያገኘው ገልጸዋል። የስፌት ክፍል ኃላፊው ሙሉ በሙሉ ነቅተው ይህ ለሌባ የተጻፈ ነው ብለዋል። አፈ ቅቤ ግን ቃና እንዳለው መስክረዋል። ሒሳብ ሹሟ የሥራውን ዋጋ ጠይቀው ከሰሙ በኋላ ውሃ ጠይቀዋል።

ሆኖም አዲስ መሆኑን ማንም ሊክድ አልቻለም። ሰብሳቢው ፊታቸውን በእጃቸው አሽተው፣ «ምን ላድርግ? ወይ እናንተ አዲስ ነገር ስጡኝ፣ ወይ ይህ ይውጣ» ብለዋል። ጸሐፊውንም ዘወር ብለው አይተው ዓይናቸውን ወዲያው መልሰዋል። ጸሐፊው ደረቱ ውስጥ የተሰማውን እንዳይጽፍ ቀደም ሲል ስለተከለከለ አልጻፈም።

እትዬ ወደ ጸሐፊው እያመለከቱ፣ ልጁ ስለ ማስታወቂያው እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ይናገር ብለዋል። ሰብሳቢው ፈቅደው ጸሐፊው አፉን ሲከፍት አፈ ቅቤ ማሳሰቢያ ጣልቃ አስገብተዋል፤ ቀጥሎ ሒሳብ ሹሟ ሰዓት ጠይቀዋል። እትዬ «እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ሆነ እኮ ነገሩ» ካሉ በኋላ ጸሐፊው የሚከተለውን ተናግሯል። «እጄ ታስሮ ነው እንጂ መጻፍ አያቅተኝም። ሰባት ቃል በላዬ ላይ ተቀምጦ አዲስ ነገር ከየት ላምጣ? ከመካከላችሁ አንድ ሰው፣ ለአንድ በዓል ብቻ፣ አንድ ቃል ቢለቅልኝ በዚያች ቀዳዳ አንድ ትኩስ ነገር አስገባለሁ።»

አባላቱ በየተራ ተጠይቀዋል። ሰብሳቢው ከ«በሰላም» ውጭ ማንኛውንም ቃል ለመልቀቅ ፈቃደኛ መሆናቸውን ገልጸዋል። አፈ ቅቤ «ልዩ» ከወጣ ደንበኛን ዓይኑን አይተው መናገር እንደማይችሉ ተናግረዋል። የስፌት ክፍል ኃላፊው ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ግን ሞኝ አይደለሁም ብለዋል። ሒሳብ ሹሟ «ተመጣጣኝ» ከወጣ ዋጋው ምን ሊባል ነው፣ ዝም ብሎ ዋጋ? ሲሉ ጠይቀዋል። የሹፌሩ ሁለት ቃል በሌሉበት እንዳይነካ አደራ ስላለበት ታልፏል፤ በዚህ ላይ ማጉረምረም ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። የተናገሩት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «የልጁ ጉሮሮ ከሚዘጋ የእኔ ቃል ይውጣ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ሁላችሁ ስትጨቃጨቁ ጥግ ይዞ ይሰፋ ነበር። አንተስ ሲሉት «አሳራፊ» ብሎ ዝም አለ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ነበር፤ ሌላ ምን ይበል? እኔ በዓል በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ሳነበው ድምፁን የምሰማ ይመስለኛል። ግን ቢኖር እሱ ራሱ ነበር የሚለቅለት። አውጣው ልጄ።»

ሒሳብ ሹሟ ዓይናቸው ውስጥ የፍራሽ ብናኝ ገብቶባቸዋል። ከረዥም ዝምታ በኋላ «አሳራፊ» ከማስታወቂያው እንዲወጣ፣ በምትኩ ጸሐፊው የመሰለውን አዲስ ቃል እንዲያስገባና የማስታወቂያ ክፍሉ እንዲቀጥል ተወስኗል።

ጸሐፊው ወዲያውኑ እንዲጽፍ ታዝዟል። ወረቀት ቀርቦለታል። «ምቹ» ብሎ ጽፎ ሰርዟል። «ዘመናዊ» ብሎ ጽፎ ሰርዟል። ቀጥሎ ምንም ሳይጽፍ ወረቀቱን ለሰብሳቢው መልሶ፣ ይቅር ጋሼ፤ በዚህስ ከሚሆን ሥራው ይቅርብኝ ብሏል። ይህን ያለው በንዴት ነው ተብሎ እንዲመዘገብ አማቹ ጠይቀዋል። በንዴት አልነበረም። እትዬን አይቶ እጁ አልታዘዝ ስላለው ነው።

በዚህ ጊዜ የሰብሳቢው ስልክ ጠርቷል። የደወሉት ሹፌሩ ሲሆኑ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደርጓል። ሹፌሩ በመጀመሪያ ሁለቱም ቃሎቻቸው በቦታቸው መኖራቸውን ጠይቀው ማረጋገጫ አግኝተዋል። ከዚያም፣ ማስታወቂያው በመዘግየቱ ዛሬ ፍራሽ ያደረሱበት ሰው ሁሉ በጥያቄ እንዳደከማቸው ተናግረዋል። ሰብሳቢው ሰዎቹ አዲስ ነገር ጠብቀው እንደሆነ ጠይቀዋል። ሹፌሩ የመለሱት እንዲህ ነው፦ «ኧረ ጋሼ፣ ምን አዲስ ነገር? ደህና ናቸው ወይ ነው የሚሉኝ። አንዷ እናትማ ሰው ታሞባችሁ ነው ወይ ብለው ፍራሹን ሳይቀበሉኝ በር ላይ አቆሙኝ። ጎረቤትዎ በየጠዋቱ እንዴት አደሩ ሲልዎት፣ ትናንትም ብለኸኛል፣ አዲስ አምጣ ይሉታል እንዴ? ይልቅ ቶሎ አውጡት፤ እኔ መልስ መስጠት ደክሞኛል።»

ሒሳብ ሹሟ እኒያ እናት ሌላ ፍራሽ ይፈልጉ እንደሆነ እንዲጠየቁ አሳስበዋል። ሹፌሩ ጠይቀዋቸው እንደነበር፣ የገዙት ገና ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያገለግላቸው መናገራቸውን ገልጸው ስልኩን ዘግተዋል። የስፌት ክፍል ኃላፊው በዚህ በጣም ተደስተዋል።

ሰብሳቢው ከፍራሻቸው ተነሥተዋል። እህታቸውን «እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብለዋቸዋል። እትዬ «ተቀመጥ አንተ» ብለዋል። ሰብሳቢው ሳይቀመጡ ወደ ጸሐፊው ዞረው፣ ለመሆኑ እስከ ዛሬ የአንተ ቃል የቱ ነው ብለው ጠይቀዋል። ጸሐፊው «ና» እንደሆነች መልሷል። ሰብሳቢው ይህችም ቃል ሆና፣ ዘጠኝ ዓመት እንዴት አላየነውም ሲሉ አባላቱን ጠይቀዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ በዛሬው ስብሰባ ስለ ቃል ልውውጥ፣ ስለ ቀለም፣ ከበዓል በኋላ ስለ ማውጣት፣ ስለ ዝምታና «አሳራፊ»ን ስለ ማስወጣት የተወሰነውና የታቀደው ሁሉ እንዲሻር ተወስኗል። ለማስታወቂያ ድርጅቱ ምስጋና ተጽፎ፣ ናሙናው ለግቢው ዘበኞች መረጃ እንዲሆን እንዲሰጥ በስፌት ክፍል ኃላፊው የቀረበው ሐሳብ ውድቅ ሆኖ፣ ምስጋናው ብቻ እንዲላክ ተወስኗል። የማስታወቂያ ክፍሉ አይዘጋም። ማስታወቂያው እንደ ወትሮው ይወጣል። ጸሐፊው የማንንም ሳይወስድ የራሱ አንድ ቃል እንዲኖረው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። አማቹም እጃቸውን አውጥተዋል።

አባላቱ የጸሐፊው ቃል ምን መሆን እንዳለበት ወዲያው ሐሳብ መስጠት ጀምረው ነበር። እትዬ ዝም አሰኝተዋቸዋል።

ጸሐፊው ደስ ብሎታል፤ ይህም ያለ ፈቃድ ተመዝግቧል። ወረቀቱን አስመልሶ ከነባሩ ጽሑፍ በፊት፣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ቃሉን አስገብቷል። የተፈረመበት ማስታወቂያ ይህ ነው፦

«ዘንድሮም እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ። ልዩ፣ ጠንካራና አሳራፊ ፍራሾቻችንን በተመጣጣኝ ዋጋ ደጃችሁ ድረስ እናመጣለን።»

ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አንብበው ፈርመዋል። የስፌት ክፍል ኃላፊው አዲሱ ቃል ምን ጨመረ ሲሉ ጠይቀዋል። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አንብበው፣ «ዘንድሮም አለን ማለት ነዋ» ብለው ፈርመዋል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበትኗል።